ከሆስፒታል በር እስከ ጤና ኬላ፦ ታካሚዎች ከወጡ በኋላ የሚጠፉት ለምንድን ነው?

«ነገ ትወጣላችሁ» የሚለው ቃል በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ለሰነበተ አስታማሚ የምሥራች ነው። ሒሳብ ይዘጋል፣ አልጋው ለሌላ ታካሚ ይለቀቃል፣ ዘመድ ጎረቤቱ «እንኳን ማረህ» ለማለት ቤት ይሰበሰባል። በርካታ ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ከዚያች ዕለት ቀጥለው የሚመጡት ሳምንታት ሆስፒታል ውስጥ ካለፉት ቀናት ባልተናነሰ አደገኛ ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው።

ቻይን በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው የተመራማሪዎች ጥምረት በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በማላዊ፣ በቡርኪና ፋሶ፣ በባንግላዴሽና በፓኪስታን ታመው ሆስፒታል የገቡ 3 ሺህ 101 ሕፃናትን ተከታትሏል። ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 23 ወራት ነበር። ክትትሉ በሆስፒታሉ በር አላበቃም፤ ሕፃናቱ ከወጡ በኋላም ለስድስት ወራት ቀጥሏል። እ.አ.አ በ2022 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት ከሕፃናቱ መካከል 350ዎቹ ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ 168ቱ፣ ማለትም ግማሽ ያህሉ፣ የሞቱት ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ነው።

እንዲህ ያሉት ሞቶች በአብዛኛው በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ አይታዩም። መዝገቡ «ተሽሎት ወጣ» ብሎ ተዘግቷል። ሐኪሙም ካልተነገረው በቀር የሚያውቀው ነገር የለም።

የጤና ባለሙያዎች አንድ ታካሚ ከአንድ የሕክምና ተቋም ወደ ሌላው፣ ወይም ከተቋም ወደ ቤቱ የሚያልፍበትን ጊዜ የሕክምና ሽግግር ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ በ2017 መድኃኒት በሕሙማን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር፣ ቅድሚያ ትኩረት ይሻሉ ካላቸው ሦስት ጉዳዮች አንዱ ይኸው ሽግግር ነበር። ችግሩ የድኃ አገራት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.አ.አ በ2009 የታተመ ጥናት ሜዲኬር በተሰኘው የመንግሥት የጤና መድን ከሚታከሙ ሰዎች መካከል ከአምስቱ አንዱ ያህል ከሆስፒታል በወጣ በ30 ቀናት ውስጥ ተመልሶ እንደሚተኛ አሳይቷል። አገሪቱም ከ2012 ጀምሮ ተመላሽ የሚበዛባቸውን ሆስፒታሎች ክፍያ መቀነስ ጀምራለች።

በምሥራቅ አፍሪካ ግን ተመልሶ የሚተኛውን መቁጠር ብቻውን ብዙ አይነግርም። ከገጠር መጥቶ ታክሞ የሄደ፣ ከዚያም ዳግመኛ ሆስፒታል የደረሰ ታካሚ ቢያንስ የመሳፈሪያ ገንዘብ ያገኘ ሰው ነው።

ወደ ላይ የሚያወጣ፣ ወደ ታች የማያወርድ

የኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት በሦስት እርከን የተዋቀረ ነው። ከታች ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከላይ ደግሞ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይገኛሉ። በዕቅዱ መሠረት አንድ ጤና ኬላ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ ሰዎችን፣ አንድ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሰዎችን ያገለግላል። በእነዚህ መካከል ሕሙማንን የሚያንቀሳቅሰው አሠራር ቅብብሎሽ ይባላል። ሕዝቡ የሚያውቀው «ሪፈር» በሚለው ቃል ነው።

ቅብብሎሽ የሚለው ስያሜ መስጠትንም መቀበልንም፣ መሄድንም መመለስንም ያመለክታል። በተግባር የሚታየው ግን በአብዛኛው የአንድ አቅጣጫ ጉዞ ነው። ጤና ጣቢያው ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልካል። አምቡላንስ ከተገኘ ይጭናል። ሆስፒታሉ አክሞ ሲያሰናብት፣ ለላከው ጤና ጣቢያ «ታካሚያችሁን እንዲህ አድርገናል፣ ከእንግዲህ እናንተ ይህን ተከታተሉ» የሚል ግብረ መልስ መጻፍ ይጠበቅበታል። የቅብብሎሹ ደካማ ጎን ተብሎ ደጋግሞ የሚነሳው ይኸው የመልስ ወረቀት አለመምጣቱ ነው። ያመጣው አምቡላንስም በአብዛኛው አይመልስም። ቀዶ ሕክምና የተደረገላት እናት በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ ከዚያም በእግሯ ወይም በቃሬዛ ወደ ቤቷ ትገባለች።

የሆስፒታሎች የአሠራር መመሪያ ለዚህ የተመደበ ክፍል አለው። ላይዘን ኦፊሰር የሚባሉት ባለሙያዎች የአልጋና የሪፈር ጉዳይን እንዲያስተባብሩ ይጠበቃል። ሆኖም ሥራ በሚበዛበት ሆስፒታል የዚህ ክፍል ጉልበት የሚያልቀው ለሚገባው ታካሚ አልጋ በመፈለግ ነው። የሚወጣው ታካሚ ጠያቂ የለውም፤ ስለማይጮህ ይረሳል።

ከቤት ደጃፍ ላይ ያለው አቅም ግን ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ እ.አ.አ በ2003 በጀመረችው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎችን አሰማርታለች፤ አብዛኞቹ በሚያገለግሉበት ቀበሌ የሚኖሩ ሴቶች ናቸው። ኬንያ በ2023 ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ የማኅበረሰብ ጤና አገልጋዮችን የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ ከያዘ ቦርሳ ጋር አሰማርታለች። ቤቱን የሚያውቅ ሰው አለ ማለት ነው። የጎደለው ያ ሰው ማን እንደወጣ፣ መቼ እንደወጣና ምን እንደሚያስፈልገው የሚያውቅበት መንገድ ነው።

የወረቀቱ ነገር

ታካሚው ይዞት የሚወጣው የመውጫ ማጠቃለያ ብዙ ሸክም አለበት። የሕመሙን ስም፣ የተደረገውን ምርመራ፣ የተሰጠውን መድኃኒትና የቀጠሮ ቀን ይይዛል። በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት የሚሰጠውም፣ የታካሚ መዝገብ የሚጻፈውም በእንግሊዝኛ በመሆኑ ይህም ወረቀት በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ለባለሙያ የተጻፈ ወረቀት ነው፤ የሚወስደው ግን ቤተሰቡ ነው። የተላከበት ጤና ጣቢያ ስም ካልሰፈረበት ደግሞ አድራሻ እንደሌለው ደብዳቤ ሆኖ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል።

በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ሌላም አደናጋሪ ነገር አለ፤ የቀንና የሰዓት አቆጣጠር። ወረቀት ላይ «5/7» ተብሎ የተጻፈ ቀጠሮ መጋቢት 5 ነው ወይስ ጁላይ 5? በሁለቱ መካከል ወደ አራት ወር የሚጠጋ ጊዜ አለ። መድኃኒቱን «8:00» ላይ እንዲወስድ የተጻፈለት ሰውም፣ ጸሐፊው ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ሊሆን ሲችል፣ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓትን ይጠብቃል። ተራ ነገር ይመስላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ወይም ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ግን ተራ አይደለም።

የመድኃኒት ስምም እንዲሁ ነው። የልብ ድካም ያለበት ታካሚ በሰውነቱ የተጠራቀመውን ውኃ የሚያስወጣ ፉሮሴማይድ የተባለ ኪኒን ታዞለት ይወጣል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ቀደም ሲል ከግል ፋርማሲ የገዛው ላሲክስ ተቀምጧል። ሁለቱ አንድ መድኃኒት ናቸው፤ ላሲክስ የንግድ ስሙ ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው ሁለቱንም ቢወስድ ሰውነቱ ከመጠን በላይ ውኃና ጨው ያጣል፣ ደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ወይም ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ታካሚው ሲገባም ሲወጣም፣ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ከአዲሱ ትእዛዝ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከርን ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም። ቤተሰቡ የመድኃኒቱን ፌስታል ይዞ ቢመጣ፣ አንድ ፋርማሲስት ደግሞ አሥር ደቂቃ ቢያገኝ ይሠራል። አሥር ደቂቃው ግን በብዙ ሆስፒታሎች ርካሽ አይደለም።

ክሩ ያልተበጠሰባቸው ቦታዎች

ነገሩ ሁሉ ጨለማ አይደለም። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናት የሚታከሙበት መንገድ ሽግግር እንዴት መሆን እንዳለበት ጥሩ ማሳያ ነው። ቀድሞ እነዚህ ሕፃናት እስኪያገግሙ ድረስ ለሳምንታት ሆስፒታል ይተኙ ነበር። እናት ሌሎች ልጆቿን ትታ መክረም ስለማትችል ሕክምናውን አቋርጣ ትሄዳለች። ኢትዮጵያ እ.አ.አ ከ2008 ወዲህ የተመላላሽ ሕክምናውን እስከ ጤና ኬላ አውርዳዋለች። ሌላ ሕመም የተደረበበት ሕፃን ብቻ ተኝቶ ይታከማል፤ አደጋው ሲያልፍ ከኦቾሎኒ የተዘጋጀውን አልሚ ምግብ እየወሰደ በቀበሌው ይከታተላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ክብደቱንና የክንዱን ዙሪያ ትለካለች። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ገና ከአደጋው አልወጣም። በሆስፒታሉና በጤና ኬላው ያለው መለኪያ አንድ ነው፤ ምግቡ አንድ ነው፤ የማስተላለፊያ ወረቀቱም አንድ ነው። ከቀረ ደግሞ «ለምን ቀረ?» ብላ ቤቱ ድረስ የምትሄድ ሴት አለች። ምግቡ ከመጋዘን ሲያልቅ ይህ ሁሉ እንደሚቆም መዘንጋት ባይገባም፣ አሠራሩ ራሱ የሚያስቀና ነው።

ሌላው ማሳያ ከኬንያና ከኡጋንዳ የተገኘ ነው። በከባድ የደም ማነስ ታመው ደም የተሰጣቸው ሕፃናት ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በወባ እንደገና ይያዛሉ፣ ብዙዎቹም ይመለሳሉ ወይም ይሞታሉ። ተመራማሪዎች ከ1 ሺህ በላይ በሚሆኑ ሕፃናት ላይ ባካሄዱት ሙከራ፣ ከወጡ በኋላ በ2ኛው፣ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት ለሦስት ሦስት ቀናት የወባ መድኃኒት የተሰጣቸው ልጆች፣ መድኃኒቱ በሚሰጥባቸው ወራት ተመልሶ የመተኛት ወይም የመሞት ዕድላቸው በ70 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ውጤቱ እ.አ.አ በ2020 ታተመ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ይህን አሠራር በምክረ ሐሳቡ ውስጥ አካተተ።

መድኃኒቱ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ ማላዊ ውስጥ የተጠየቀው ጥያቄ የበለጠ ተግባራዊ ነበር፦ እናት መድኃኒቱን በየወሩ ሆስፒታል መጥታ ትውሰድ ወይስ ሁሉንም ስትወጣ ይሰጣት? ስትወጣ ሙሉውን የተሰጣቸው እናቶች ልጆች መድኃኒቱን በተሻለ ሁኔታ አሟልተው ወስደዋል። እናቶች ይጥሉታል፣ ያባክኑታል፣ ይረሱታል የሚለው የተለመደ ሥጋት ያን ያህል መሠረት አልነበረውም። ከባዱ ነገር መንገዱ ነበር።

ኡጋንዳ ውስጥ የተሞከረው ሌላው አሠራር ደግሞ ሁሉም ታካሚ እኩል አደጋ ላይ አይደለም ከሚል መነሻ ይጀምራል። ሕፃኑ ሲወጣ ጥቂት መረጃዎች ተመዝግበው ለአደጋ ያለው ተጋላጭነት ይሰላል። ለእናቱ ምክር ይሰጣል፤ ሳሙና፣ አጎበርና ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ይታደላል፤ ለሕፃኑም በአቅራቢያው ባለ ጤና ተቋም ቀጠሮ ይያዝለታል። ጥቂት ባለሙያ ላለው አገር ይህ ስሌት ትርጉም አለው፤ ለሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ከማዳረስ ይልቅ የሚያሳስበውን ለይቶ መከታተል ይቻላል።

ቤቱ ሆስፒታል ሲሆን

ስትሮክ መትቶት አንድ ጎኑ የማይንቀሳቀስ ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ከፍተኛው ሕክምና ገና መጀመሩ ነው። በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፤ አለበለዚያ ጀርባውና ዳሌው ይቆስላል፣ ቁስሉም ሊገድለው ይችላል። ሲመገብ ቀና ብሎ መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል። የሽንት ቱቦ ካለው ንጽሕናው መጠበቅ አለበት። በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ለዚህ የሚሆን የማገገሚያ ማዕከል ጥቂት ነው፤ ለገጠሩ ሕዝብ ፈጽሞ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ነርሷም፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋም አንዲት የቤተሰብ አባል ትሆናለች። ብዙውን ጊዜ ሚስት፣ ልጅ ወይም ምራት ናት።

ይህች ሴት በሆስፒታሉ ቆይታም አልጋው ሥር ስታድር የነበረች ናት። ምግብ ያበሰለችው፣ ያጠበችው፣ ፋርማሲ የተመላለሰችው እርሷ ናት። ሆስፒታሉ ግን ብዙ ጊዜ የሚያያት እንደ ጠያቂ እንጂ እንደ ሠልጣኝ አይደለም። በእነዚያ ቀናት ነርሷ ሥራውን እያሳየች በእጇ ብታስደርጋት ኖሮ በመጨረሻው ሰዓት በጥድፊያ የሚሰጠው ምክር ባላስፈለገ ነበር። በዘርፉ የታወቀ ቀላል ዘዴም አለ፤ «ገባሽ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ቤት ስትደርሺ እንዴት እንደምትሰጪው እስኪ አሳዪኝ» ማለት። «ገባሽ?» ለሚለው ጥያቄ በነጭ ጋዋን ፊት የቆመ ሰው መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው።

መዳን ለማይችሉ ሕሙማንም ሽግግር አለ። ኡጋንዳ በዚህ ረገድ ከአህጉሩ ቀዳሚ ናት። እ.አ.አ በ1993 የተመሠረተው ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳ የካንሰር ሕሙማን በየቤታቸው በፈሳሽ መልክ በሚዘጋጅ ሞርፊን ሕመማቸው እንዲታገሥላቸው ማድረግ ጀመረ። አገሪቱ በ2004 ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን ማዘዝ እንዲችሉ ፈቀደች። ሐኪም በማይደርስበት መንደር ነርስ ትደርሳለች፤ ያለዚህ ፈቃድ «ቤትህ ሄደህ ዕረፍ» የሚለው ቃል «ሄደህ ተሠቃይ» ከማለት ብዙም አይለይም።

ያለጊዜው መውጣት

ብዙ ታካሚዎች የሚወጡት ሐኪም ስለፈቀደላቸው አይደለም። ገንዘብ አልቆ፣ በሬ ተሽጦ፣ የእርሻ ወቅት ደርሶ ፈርመው የሚወጡ አሉ። በኢትዮጵያ እ.አ.አ በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሕክምና ወጪን አቅልሏል፤ መድኃኒት በመንግሥት ፋርማሲ ሳይኖር ሲቀር ከውጭ የሚገዛው፣ የአስታማሚው ማደሪያና ከሥራ መቅረቱ ግን ቤተሰቡን መጫኑ አልቀረም። በተቃራኒው ደግሞ መውጣት ሲገባቸው የማይወጡ ነበሩ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.አ.አ በ2015 የወለዱ እናቶችን ሒሳብ ስላልከፈሉ በሆስፒታል ማገት ሕገ ወጥ መሆኑን በይኗል።

ፈርሞ የሚወጣ ሰው በብዙ ቦታ እንደ እምቢተኛ ይታያል፤ መድኃኒትም፣ ወረቀትም፣ ቀጠሮም ሳይሰጠው ይሰናበታል። ክትትል ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ግን እርሱ ነው።

እምነትም በዚህ ሰዓት ድርሻ አለው። ከሆስፒታል ወጥቶ ጸበል የሚገባ፣ ጾም የሚይዝ፣ በረመዳን ኪኒኑን የሚተው ታካሚ ብዙ ነው። ባለሙያው ካልጠየቀ ታካሚው አይናገርም። ሲጠየቅ ግን መፍትሔ አለ፤ ብዙ መድኃኒቶችን በጾም ሰዓት ዙሪያ ማስተካከል ይቻላል፣ የማይቻልባቸውም በግልጽ ሊነገሩ ይችላሉ። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል በይፋ መናገራቸው ከብዙ የጤና መልእክቶች በላይ ሰሚ ማግኘቱ አያስገርምም።

ሁሉም ነገር የሚቆመው ግን ተቀባዩ ተቋም ሲኖር ነው። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት በርካታ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ወድመዋል፣ ተዘርፈዋል። በሱዳን ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በቀጠለው ጦርነት የኩላሊት እጥበት የሚሰጡ ማዕከላት ሥራ ሲያቆሙ ታካሚዎች ከከተማ ከተማ ተንከራተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ታካሚው የያዘው ወረቀት ብቸኛው መዝገብ ይሆናል። የእናቶችና የሕፃናት ክትትል ደብተርን በእናቲቱ እጅ የማስቀመጥ የኬንያ ልማድ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይጎላል። ኢትዮጵያ በበኩሏ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እጅ ባለ ታብሌት የሚሠራ የኤሌክትሮኒክ የመረጃ ሥርዓት እየዘረጋች ነው፤ ኤሌክትሪክና ኔትወርክ ባለበት ቀበሌ ሪፈሩንም መልሱንም ለማሳለጥ ታስቧል።

ከመውጣት በፊት ምን መጠየቅ ይገባል?

ቤተሰቡ ሥርዓቱ እስኪስተካከል መጠበቅ አይችልም። ከመውጫው ዕለት በፊት፣ ባለሙያው ጊዜ በሚኖረው ሰዓት፣ የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ሕመሙ በአማርኛ ወይም ታካሚው በሚናገረው ቋንቋ ምን ይባላል? ከቀድሞው መድኃኒት የቀረው የትኛው ነው፣ የተጨመረውስ? እያንዳንዱ እስከ መቼ ይወሰዳል? ሲያልቅ በአካባቢው ጤና ጣቢያ ይገኛል ወይስ ከተማ መምጣት ያስፈልጋል? ቀጠሮው በየትኛው የዘመን አቆጣጠር ነው? የቀኑን ስም፣ ለምሳሌ «ማክሰኞ» የሚለውን፣ አጠገቡ ማስጻፍ ብዙ ስሕተት ይከላከላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ አደጋ ምልክቶች ነው። ምን ሲያዩ ነው ሳይውሉ ሳያድሩ መመለስ ያለባቸው? ለጨቅላ ሕፃን ጡት አለመጥባት፣ ፈጣን አተነፋፈስ፣ የሰውነት መቀዝቀዝ ወይም ማተኮስ፤ ለወለደች እናት የደም መብዛት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ትኩሳት፤ ለልብ ታካሚ የእግር እብጠትና ተኝቶ መተንፈስ አለመቻል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ጤናማ ወሊድም ቢሆን እናትና ሕፃን ቢያንስ ለ24 ሰዓታት በተቋም እንዲቆዩ፣ ከዚያም ከ48 እስከ 72 ሰዓታት ባለው ጊዜ፣ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀንና በስድስተኛው ሳምንት እንዲታዩ ይመክራል።

በቶንሲል ሳቢያ ለሚመጣው የልብ ሕመም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወስዱ ወጣቶች ደግሞ፣ መርፌው በቅርባቸው ባለው ጤና ጣቢያ እንደሚሰጥ ከመውጣታቸው በፊት ማረጋገጥ ይገባቸዋል። አንዳንድ ባለሙያዎች የመድኃኒት አለርጂን በመፍራት ለመስጠት ያመነታሉ። ስለዚህ ታካሚው መርፌውን ከዚህ ቀደም ያለ ችግር መውሰዱ በወረቀቱ ላይ በግልጽ ቢጻፍ፣ የሐኪሙ ወይም የክፍሉ ስልክ ቁጥርም ቢሰፍር የጤና ጣቢያው ነርስ ደውላ መጠየቅ ትችላለች። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥና ቤት በደረሱ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማሳየትም ይመከራል።